የፒንቦል ክንፍ የሚደክምበት ምክንያት

በአሜሪካ አገር በቺካጎ ከተማ የነበረው የጎትሊብ ኩባንያ፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1947 ዓ.ም. «ሃምፕቲ ደምፕቲ» የተባለውን የመጫወቻ መኪና እስኪያወጣ ድረስ፣ ፒንቦል የሚጫወት ሰው ኳሷን አስፈንጥሮ ከለቀቀ በኋላ፣ ሳጥኑን በእጁ ከመነቅነቅ በቀር በጉዞዋ ላይ ይህ ነው የሚባል ሥልጣን አልነበረውም። ሃሪ ማብስ የተባለው የጨዋታ ቀያሽ ግን በዚያ መኪና ላይ በኤሌክትሪክ የሚመቱ ስድስት ክንፎችን፣ ማለት ፍሊፐሮችን፣ ስለ ተከለበት፣ የዕድል የነበረው ጨዋታ የእጅና የዐይን ጥበብ ሆነ። ስለዚህ ክንፉ የደከመ መኪና፣ መብራቱ ቢያበራ ደወሉም ቢያስተጋባ፣ ዋናው ግብሩ ተሰናክሎበታል፤ 80 ግራም ያህል የምትመዝነው የብረት ኳስ ዳገቱን ሳትጨርስ ከመንገድ ትመለሳለችና።

ድካሙ ከወዴት እንደ መጣ ለመመርመር አስቀድሞ የክንፉን ባሕርይ ማወቅ ያስፈልጋል። ኳሷ ከምትሮጥበት ሰሌዳ ሥር የተሰወረው ጥቅል ሽቦ አንድ መስሎ ይታይ እንጂ በውስጡ ሁለት ነው፤ አንደኛው ወፍራምና አጭር ሆኖ፣ ብዙ ኃይል እያሳለፈ ለመምታት የተመደበ ሲሆን፣ ሁለተኛው ቀጭንና እጅግ ረጅም ሆኖ፣ ተጫዋቹ ጣቱን እስኪያነሣ ድረስ የተነሣውን ክንፍ በጥቂት ኃይል ደግፎ ለመያዝ የተመደበ ነው። በሁለቱ መካከል ዳኛ ሆኖ የተቀመጠው በሁለት ስስ የብረት ምላሶች የተሠራ ስዊች ነው፤ ክንፉ ተኝቶ ሳለ ምላሶቹ ተነካክተው ኃይሉን በወፍራሙ ሽቦ ብቻ ይመሩታል፤ ክንፉ ጉዞውን ሊጨርስ ሲል ግን ተላቀው ቀጭኑን ያስገቡታል። እንግዲህ ምላሶቹ በብልጭታ ተበልተው ወይም ጥቀርሻ ለብሰው በሚገባ ሳይነካኩ ከቀሩ፣ ኃይሉ ገና ከመነሻው በቀጭኑ ሽቦ ለማለፍ ስለሚገደድ፣ ክንፉ ለመያዝ በተሰጠው ጉልበት ለመምታት ይታገላል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ ጥቅሉ አርጅቷል ብለው ሌላ ይገዛሉ፤ ከንቱ ወጪ ነው፤ ጥቅል ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ይሠራል ወይ ይቃጠላል እንጂ ቀስ በቀስ የሚደክም ነገር አይደለም። (ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በወጡት የዊልያምስ ኩባንያ መኪናዎች ይህን ዳኝነት ኮምፒዩተር ስለ ተረከበው፣ ይህ የምለው ለቀደሙት ነው።)

ስለዚህ መርማሪው መኪናውን ከኤሌክትሪክ ከመንቀሉ በፊት፣ የደከመው አንዱ ክንፍ ነው ወይስ ሁለቱም ብሎ ይጠይቅ። ሁለቱም ከሆኑ ምክንያቱን ከኃይሉ ምንጭ፣ በሙቀት ከጠቈሩት መሰኪያዎችና ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ ከሚለውጠው ሬክቲፋየር ይፈልግ። አንዱ ብቻ ከሆነ ግን የክንፉን ምላሶችና በመጫኛው ቁልፍ ውስጥ ያሉትን በቀጭን ሞረድ ያጽዳ፤ ቀጥሎም በጥቅሉ ውስጥ የሚመላለሰውን የብረት ዘንግ አውጥቶ ይመልከት። የዘንጉ ጫፍ ከማቆሚያው ጋር እየተጋጨ ተደፍጥጦ የሰፋ እንደ ሆነ፣ የሚሄድበትን የናይለን ቱቦ እየፋቀ ይዘገያልና፣ ዘንጉንም ቱቦውንም መለወጥ ይገባል። ዘይት መቀባት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ አቧራውን አከማችቶ መልሶ የሚያጣብቅ እርሱ ነው። ክንፉም ሰሌዳውን እየታከከ እንዳይጐተት፣ ወደ ላይና ወደ ታች 1 ሚሊ ሜትር ያህል መላወሻ ይተውለት። በመጨረሻም ምላሶቹን ሲያስተካክል፣ ይበረታልኝ ብሎ ከመጠን በላይ አያቀራርባቸው፤ ክንፉ ከጫፍ ሲደርስ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ካልተራራቁ፣ ቁልፉ ተጭኖ በቈየ ጊዜ ወፍራሙ ሽቦ ያለ ዕረፍት ኃይል እየተሸከመ ይጨሳል፤ ያን ጊዜ ጥቅሉን መግዛት ግድ ይሆናል።