አሮጌው ሳያልቅ አዲሱ ለምን ይቸኩላል?

ሶኒ ፕሌይስቴሽን 2ን ማምረት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2013 መባቻ ላይ ነው። ማሽኑ በ2000 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከቀረበ 13 ዓመት ሊሞላው ትንሽ ቀርቶት ነበር። ኩባንያው እንደሚለው 160 ሚሊዮን ያህል ተሸጧል። ቶኪዮ ላይ ያ ውሳኔ የአንድ ትውልድ መዝጊያ ነበር። መሐል ሜዳን፣ ሞላሌንና ዓለም ከተማን በመሳሰሉ የሰሜን ሸዋ ከተሞች ግን ማሽኑ ገና ለባለቤቱ እንጀራ በሚያበላበት ዕድሜ ላይ ነበር።

በየጥቂት ዓመቱ «ቀጣዩ ትውልድ መቼ ይውጣ?» የሚለው ክርክር ይነሳል። ተከራካሪዎቹ ሁልጊዜ ቀድመው የሚገዙት ናቸው፤ መጨረሻ ላይ የሚገዙትን የጠየቃቸው የለም። እኔ ነገሩን ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ በኩል ላየው እፈልጋለሁ፤ ከዚያ ሲታይ ጥያቄው ራሱ መልኩን ይለውጣል።

መንገዱን እናስቀድም። አንድ ኮንሶል አዲስ አበባ የሚደርሰው በአመዛኙ በነጋዴ ሻንጣ ወይም ከውጭ በሚመለስ ዘመድ እጅ ነው። መጀመሪያ አቅም ያለው ቤተሰብ ሳሎን ውስጥ ይቀመጣል። ልጁ ሲጠግበው ወይም አዲሱ ሲመጣ ለጌም ቤት ይሸጣል። ጌም ቤቱም በተራው የተሻለ ሲያገኝ ለሌላ ያስተላልፈዋል። ከዚያ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ብርሃን በጣርማ በር አድርጎ በመዘዞ ወደ ሞላሌና መሐል ሜዳ፣ ሲያልፍም ወደ ግሼ ራቤል ይወጣል። ወይም በሙከ ጡሪና በለሚ በኩል የጀማን ሸለቆ ወርዶና ወጥቶ ዓለም ከተማ ይገባል። እዚያ ሲደርስ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ባለቤቱ ጋ ነው። ለአምራቹ ያረጀ ዕቃ ነው፤ ለገዢው ግን የሥራ መጀመሪያ፣ ምናልባትም የቤተሰቡ ብቸኛ የጥሬ ገንዘብ ምንጭ ነው።

የወረዳ ከተማ ጌም ቤት ብዙውን ጊዜ አንድ ክፍል ናት። ሁለት ወይም ሦስት ቴሌቪዥን፣ ከፊታቸው አግዳሚ ወንበር፣ በር ላይ ተራ የሚጠብቁ ልጆች። ሒሳቡ በጨዋታ ነው፤ አሸናፊ ይቀመጣል፣ ተሸናፊ ከፍሎ ይነሳል። መብራት 80ኛው ደቂቃ ላይ ከጠፋ ማን ይክፈል የሚለው ሙግት የዕለት ተዕለት ነው። ጆይስቲክ ላይ መጀመሪያ የሚሄደው የግራው አናሎግ ነው። ላስቲኩ ተልጦ ባዶ ፕላስቲኩ ይቀራል፤ ቀጥሎ ከሥሩ ያለችው ትንሽ መቆጣጠሪያ ትበላና ማንም ሳይነካው ተጫዋቹ በራሱ ወደ መስመር መሮጥ ይጀምራል። ባለቤቱ በትንሽ ካቻቢቴ ይፈታዋል፣ በአልኮል ይጠርገዋል፣ ካልሆነም ከሞተ ጆይስቲክ ላይ ነቅሎ ይተካለታል። የፕሌይስቴሽን 2 ሌንስ ሲደክም ደግሞ ዲስክ ማንበቡን ይተውና ጨዋታውን ከፍላሽ ወይም ከሃርድ ዲስክ እንዲያነሳ ይደረጋል። ይህን ሁሉ ያስተማረ ኩባንያ የለም። ማሽኑን ከተሠራለት ዕድሜ በላይ ያኖሩት እነዚህ እጆች ናቸው።

አሁን ወደ ክርክሩ። ፕሌይስቴሽን 3 በ2006፣ 4 በ2013፣ 5 በ2020 ወጡ፤ ሁለቴም ሰባት ዓመት ነው። በዚህ ቆጠራ ቀጣዩ 2027 ላይ ይወድቃል። ሶኒ ቀን አልቆረጠም። የኮንሶሎቹ ዋና መሐንዲስ ማርክ ሰርኒ ግን በጥቅምት 2025 ከቺፕ አምራቹ ኤኤምዲ ጋር ስለሚሠሩት ቴክኖሎጂ ሲናገር ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሚመጣ ኮንሶል ላይ ሊያየው እንደሚጓጓ ገልጿል። ማይክሮሶፍትም በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ለቀጣዩ ኤክስቦክስ ከኤኤምዲ ጋር መስማማቱን አስታወቀ። ኒንቴንዶ ቀድሟል፤ ስዊች 2ን ሰኔ 5 ቀን 2025 አውጥቷል፤ ከመጀመሪያው ስዊች ስምንት ዓመት ከሦስት ወር በኋላ።

የቸኮለ አፍሶ እንደሚለቅም የዚህ ኢንዱስትሪ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። ሴጋ በግንቦት 1995 ሳተርን የተባለውን ማሽን ከታሰበለት ቀን ወራት አስቀድሞ፣ በዚያው ባስታወቀበት ዕለት፣ በ399 ዶላር አሜሪካ ገበያ ላይ ጣለው። ሱቆቹ አልተዘጋጁም፤ በቂ ጨዋታም አልነበረም። ሶኒ የራሱን ዋጋ 299 ብሎ ሲናገር ነገሩ ያን ቀን አለቀ ማለት ይቻላል። ማይክሮሶፍት በበኩሉ ሶኒን በአንድ ዓመት ለመቅደም ኤክስቦክስ 360ን በኅዳር 2005 አወጣ። ማሽኖቹ እየሞቁ ቀይ መብራት እያበሩ ይሞቱ ጀመር፤ በ2007 ዋስትናውን ወደ ሦስት ዓመት ለማራዘም ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ መመደብ ግድ ሆነበት። ዋስትናው ለመጀመሪያው ገዢ ነው። በሁለተኛና በሦስተኛ እጅ ለገዛ ሰው ያ ቀይ መብራት የገንዘቡ መቃብር ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚያስቆጨኝ ግን የዋጋው ነገር ነው። ፕሌይስቴሽን 2 አሜሪካ ላይ በ299 ዶላር ጀምሮ በ2009 ወደ 99 ወረደ። ያ መውረድ የትውልዶች ሁሉ ዋና ሥራ ነበር፤ ማሽኑ ከሀብታሙ ቤት ወደ መካከለኛው፣ ከመካከለኛው ወደ ጌም ቤት የሚወርድበት መሰላል እሱ ነው። አዲሱ ትውልድ ሲመጣም አሮጌው ረክሶ ይጠብቅ ስለነበር ማንም ሜዳ ላይ አይቀርም ነበር። ፕሌይስቴሽን 5 ይህን መሰላል ገለበጠው። በ2020 በ500 ዶላር ወጣ፤ በ2022 ከአሜሪካ ውጭ በብዙ አገሮች ጨመረ፤ በነሐሴ 2025 አሜሪካ ውስጥም 550 ገባ። ኤክስቦክስም በዚያው ዓመት ሁለት ጊዜ ዋጋ ጨመረ። በ2025 መጨረሻ ላይ ደግሞ ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ማዕከላት ሲባል የሜሞሪ ቺፕ ዋጋ አሻቀበ፤ ኮንሶል ቶሎ ይረክሳል ብሎ ተስፋ የሚያደርግ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ይህን በብር እናስላው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ከዓመት በኋላ ከ130 በላይ ሆነ። 500 ዶላሩ በድሮው 28,500 ብር ነበር። 550ው በአዲሱ ከ71,000 ብር ያልፋል፤ ቀረጥና የነጋዴ ትርፍ ሳይጨመር። የመንዝ በግ አርቢ ለልጁ ሥራ ብሎ መንጋውን ቢሸጥ እንኳ ይህን መድፈር ቀላል አይደለም። ስለዚህ ነው የመጀመሪያው መልሴ «ገና ነው» የሚለው። ዋጋው አንድም ቀን በደንብ ሳይወርድ ትውልዱ አለቀ ማለት ለአብዛኛው ዓለም ሳይጀመር አለቀ ማለት ነው።

መንዝ መቼ መክፈት እንደሚገባ የመወሰን የቆየ ጥበብ አለው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ከፍ ብሎ በተዘረጋው በጓሳ ምድር ሣሩ የቤት ክዳን፣ ገመድና ገሳ ይሆናል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቆየው የቄሮ ሥርዓት፣ በአባ ቄራው መሪነት፣ ጓሳው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋ ነበር። የሚከፈተው ሣሩ ምን ያህል እንዳደገና ሕዝቡ ምን ያህል እንደተቸገረ ተመዝኖ ነው እንጂ ዓመቱ ስለሞላ ብቻ አልነበረም። አስቀድሞ የቸኮለ ማጭድ ይዞ ቢገኝ ይቀጣል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ አሮጌው ሥርዓት ቢፈርስም ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ መልሶ ይዞታል። የጌም ኩባንያዎች የሚያዩት ተፎካካሪያቸው ምን እንዳጨደ ነው፤ ሣሩን አያዩም።

ሣሩ ደግሞ ገና ነው። ጎድ ኦቭ ዎር ራግናሮክና ግራን ቱሪስሞ 7፣ ሁለቱም የ2022 ትልልቅ ሥራዎች፣ ለፕሌይስቴሽን 4ም ወጥተዋል። ሶኒ በ2024 አጋማሽ ባወጣው መረጃ፣ ፕሌይስቴሽን 5 ከወጣ ሦስት ዓመት ተኩል አልፎትም ከተጫዋቾቹ ግማሽ ያህሉ በ4ኛው ላይ ነበሩ። የጨዋታ ሠሪዎቹን ችግር አልክድም፤ ለሁለት ትውልድ በአንድ ጊዜ መሥራት ውድ ነው፤ የአሮጌው ማሽን አቅም ሐሳባቸውን ያስራል። አዲስ ሲመጣ ሁለተኛ እጅ ገበያው ስለሚረክስ ለደጋው ሰው ይጠቅማል የሚለውም እውነትነት አለው። ግን የሚረክሰው ማሽን እዚህ ሲደርስ የሚሠራ ከሆነ ብቻ ነው። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የድሮው ማሽን ዲስክ ጎርሶ መብራት ካገኘ ሌላ ነገር አይጠይቅም ነበር። ማይክሮሶፍት በ2013 ኤክስቦክስ ዋንን ሲያስተዋውቅ በየ24 ሰዓቱ ከኢንተርኔት ጋር እንዲገናኝና ያገለገለ ዲስክ እንደልብ እንዳይሸጥ አስቦ ነበር፤ ተጫዋቹ ስለጮኸበት በሰኔ ወር ሐሳቡን ቀየረ። ነገሩ ግን በጓሮ በር ተመልሶ እየገባ ነው። አዲሱ ቀጭን ፕሌይስቴሽን 5 ተነቃይ የዲስክ ማጫወቻውን የሚቀበለው መጀመሪያ በኢንተርኔት ከተመዘገበ በኋላ ነው። በ2024 በ700 ዶላር የወጣው ፕሮ ደግሞ ዲስክ ማጫወቻ የለውም፤ ለብቻው ይገዛል። ፕሌይስቴሽን 4 ውስጥ ሰዓት የምታስጠብቅ አንዲት ትንሽ ባትሪ አለች። እስከ 2021ዱ ማሻሻያ ድረስ ያቺ ባትሪ ከሞተች ማሽኑ ከሶኒ መረብ ጋር ተገናኝቶ ሰዓቱን ካላስተካከለ በስተቀር ጨዋታ አይከፍትም ነበር። ሶኒ ደግሞ የፕሌይስቴሽን መረቡን በይፋ ከሚያቀርብባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያን አላካተታትም፤ የእኛ ልጆች አካውንት የሚከፍቱት የሌላ አገር ነዋሪ ነን ብለው ነው።

በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። ከዚያ በፊትም በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ሞላሌና መዘዞ በእሳት ውስጥ አልፈዋል። እንዲህ ባለ አገር «መጀመሪያ ኢንተርኔት ያገናኙ» የሚል ማሽን ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ጌጥ ነው። የመብራቱም ነገር አለ፤ ፕሌይስቴሽን 5 ሲጫወቱበት 200 ዋት አካባቢ ይበላል፣ ቀጭኑ ፕሌይስቴሽን 2 የዚህን ሩብ እንኳ አይደርስም። በጄኔሬተር ለሚሠራ ሰው ይህ የነዳጅ ሒሳብ ነው።

ወላጅ የሚሰጋበትን አውቃለሁ። ጌም ቤት ከትምህርት ገበታ የሚያስቀር ቦታ ተብሎ በየጊዜው ይወገዛል፤ በትምህርት ሰዓት በሩን የሚከፍት ካለም ወቀሳው ይገባዋል። ስልክም ብዙ ልጅ ወስዷል። የአገራችን ቅኔ ቴክኖሎጂስ ኩኩሉ የተባለውን የዶሮ ሩጫ ጨዋታውን የሠራው ለስልክ ነው፤ ልክ ነበር፣ ሕዝቡ ያለው እዚያ ነውና። ሆኖም ሁለት ልጆች ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው፣ ከኋላቸው አሥር ሰው እየተቸ የሚጫወቱት ጨዋታ ስልክ ላይ የለም። ሲኒማ በሌለበት፣ ቤተ መጻሕፍቱ በጊዜ በሚዘጋበት ከተማ ይህን ቀላል ነገር ነው ማለት አልችልም።

እኔን ቢጠይቁኝ አዲሱ ትውልድ ከ2028 በፊት ባይመጣ እመርጣለሁ። ከመክፈቻው ቀን ይልቅ ግን የመዝጊያው ቀን ይበልጥብኛል። ኒንቴንዶ የዊ ዩን መደብር በመጋቢት 2023 ዘጋ፤ ማይክሮሶፍት የኤክስቦክስ 360ን በሐምሌ 2024። ሶኒ በ2021 የፕሌይስቴሽን 3ን ሊዘጋ አስታውቆ በተቃውሞ መለሰው፤ ያኔ የተቃወሙት ባይኖሩ ኖሮ ወራት ብቻ ቀርተውት ነበር። ኩባንያ አዲስ ማሽን ሲያስተዋውቅ በዚያው መድረክ ላይ አሮጌው እስከ መቼ እንደሚደገፍ ይናገር፤ ከወጣበት ቀን ቢያንስ 15 ዓመት ይሁን። የመጨረሻው ማሻሻያም ማሽኑን ከመረብ ነጻ የሚያወጣ ይሁን፤ ባትሪው ቢሞት፣ ዲስክ ማጫወቻው ቢቀየር፣ ማንንም ሳይጠይቅ የሚነሳ።

የኳስ ጨዋታዎቹም እንዲሁ። ለፕሌይስቴሽን 2 የመጨረሻው ፊፋ 14 ነበር፤ ለ3ኛው ፊፋ 19። የፊፋ ተተኪ የሆነው ኤፍሲ 26 አሁንም ለፕሌይስቴሽን 4 ወጥቷል። የጨዋታዎቹ አሳታሚ ኢኤ የመጨረሻው የትኛው እንደሚሆን ሁለት ዓመት ቀድሞ ቢናገር፣ መሐል ሜዳ ላይ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ልግዛ ወይስ ትንሽ ልጠብቅ እያለ የሚያሰላ ሰው ገንዘቡ ስንት ዓመት እንደሚሠራለት አውቆ ይገዛ ነበር።