ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት የቤቱ ወረቀት ይሟላ



ቤትን ማሻሻል የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ነገር ግን ብዙዎቻችን ግንበኛ ጠርተን ሰርቪስ ቤት ስንጨምር ወይም በቤቱ ላይ ፎቅ ስናወጣ፤ ስለ ሲሚንቶውና ስለ ብረቱ ዋጋ እንጂ ስለ ፈቃዱ አናስብም። ወረቀቱ ትዝ የሚለን ቤቱን ለመሸጥ ያሰብን ዕለት ነው።

በቅርቡ አንድ ዘመዴ በአዲስ አበባ ቤት ሊገዛ ሲነጋገር አብሬው ነበርሁ። ቤቱ በፕላኑ ላይ ሦስት ክፍል ነው፤ በግቢው ውስጥ ግን ስድስት ክፍል ቆሟል። ዋጋ የተጠየቀውም ለስድስቱ ነው። የተጨመሩት ክፍሎች ፈቃድ የት አለ ቢባል፤ ሻጩ «እስከ ዛሬ ማን ጠይቆኝ ያውቃል» ሲል መለሰ።

ከ1967 ዓ.ም. ዐዋጅ ቁጥር 47 ወዲህ የከተማ ቦታ በግል የሚሸጥ ንብረት መሆኑ ቀርቶ፤ ባለቤት የሚሸጠው በቦታው ላይ የሠራውን ቤት ነው። እንግዲህ የተሠራው በመዝገብ ያልታወቀ እንደ ሆነ ገዢው የሚገዛው ምንድር ነው? በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ ዐዋጅ ቁጥር 624 ያለ ፈቃድ መሥራትን የከለከለው ለወግ ብቻ አይደለም። ለምድር ቤት የተጣለ መሠረት ፎቅ ይችል እንደ ሆነ ገዢ ቆፍሮ ሊያይ አይችልም፤ የሚመሰክርለት ፕላኑና የተቈጣጣሪው ወረቀት ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1885 ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን እንደሚያጣ፤ የተቀበለውም ቢተው ዕጥፍ አድርጎ እንደሚመልስ ይናገራል። ስለዚህ ጕድለቱ ከቀብድ በኋላ ቢገኝ ሁለቱም ወገኖች ለክርክር ይዳረጋሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ይሆናል።

ስለዚህ ሠሪው ፈቃዱን ከሥራው በፊት ያውጣ፤ ሲጨርስም የጨመረውን በመዝገብ ያስገባ። ገዢውም ቀብድ ከመስጠቱ በፊት ፕላኑን ይዞ ግቢውን ክፍል በክፍል ያመሳክር። የሚመለከታቸው ጽሕፈት ቤቶች ደግሞ ወረቀቱን ለማሟላት በገዛ ፈቃዱ የሚቀርበውን ሰው «ነገ ተመለስ» እያሉ አያመላልሱት፤ የሚጐድለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ በጽሑፍ ይንገሩት። ደጅ መጥናት የሚያስመርረው ሰው ፈቃድ ሳይጠይቅ መሥራትን ይመርጣልና።



አንድ አንባቢ
ከአዲስ አበባ