የሩቁን ፊደል የመረጠ ልጅ፦ በዋሽንግተን አካባቢ ጃፓንኛ የሚማሩ ለጋ ወጣቶቻችን ሥነ ልቡና

መግቢያ

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነን በአዳምስ ሞርጋን፣ በ18ኛው ጎዳና ላይ ካሉት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች በአንዱ ያየነው ነገር ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ የመጣ አንድ ቤተሰብ እራት እስኪቀርብለት ድረስ፣ የዐሥራ ሦስት ዓመቱ ልጅ ደብተሩን ዘርግቶ የጃፓንን ፊደል በጥንቃቄ ይጽፋል። በቅርቡ ከአዲስ አበባ የመጡት አያቱ ጎንበስ ብለው ተመለከቱና፣ «ይኼ ደግሞ የማን ፊደል ነው፣ የኔ ልጅ?» አሉት። ልጁ ጥያቄውን ተረድቶታል፤ የመለሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ ያውም ፊቱን ወደ እናቱ አዙሮ። እናቱ አስተረጐመች። አባትየው ወደ እኛ ዞር ብሎ፣ «የጃፓኑን ማንም ሳያዘው ሲያጠና ያመሻል፤ ቅዳሜ ጠዋት ወደ አማርኛ ትምህርት ቤት እንሂድ ስለው ግን ራሴን አመመኝ ይላል» ሲል በምሬት ነገረን።

ይህን የመሰለ ስሞታ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ከብዙ ወላጆች ሰምተናል። ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት ልጁ ሰነፈ፣ አገሩን ናቀ፣ ፈረንጅ ሆነ የሚል ነው። በእኛ አመለካከት ግን ጉዳዩ ከዚህ የተለየ ነው። ለጋው ወጣት ጃፓንኛን የሚወደውና ከአማርኛ የሚሸሸው፣ በአንደኛው ቋንቋ ሲሳሳት ተማሪ፣ በሁለተኛው ሲሳሳት ግን ጥፋተኛ ስለሚሆን ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ልዩነት ማስረዳትና ከእርሱ የሚገኘውን ትምህርት ማመልከት ነው።

ጃፓን በአባቶችና በልጆች ዓይን

ለኢትዮጵያ ምሁራን ጃፓን እንግዳ አገር አይደለችም። በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከጃፓን የሜይጂ ሕገ መንግሥት ብዙ ወስደዋል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1931 ጃፓንን ጎብኝተው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተሰኘውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። ከበደ ሚካኤልም በ1946 ዓ.ም. «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» በሚለው መጽሐፋቸው ይህንኑ ጥያቄ አንሥተዋል። የእነዚህ አባቶች ጃፓን የመንግሥትና የሥልጣኔ አርአያ ነበረች። የልጆቻችን ጃፓን ደግሞ የሥዕላዊ ታሪክ፣ ማለትም የማንጋና የአኒሜ አገር ናት። ልጁን ወደ ቋንቋው የሚስበው ሥልጣኔ ሳይሆን፣ የሚወደውን ገጸ ባሕርይ ያለ አስተርጓሚ የመስማት ምኞት ነው። ይህን ምኞት ልንንቀው አይገባም፤ ጓደኞቹም የሚጋሩት እውነተኛ ምኞት ነውና።

ምክንያቱ የቋንቋው ቅለት አይደለም

ልጁ የቀለለውን መርጦ ነው እንዳይባል፣ ማስረጃው በተቃራኒው ይቆማል። በአርሊንግተን የሚገኘው የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የቋንቋ ማሠልጠኛ፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሆነ ዲፕሎማት አማርኛን ለሥራ በሚበቃ ደረጃ ለማወቅ 44 ሳምንት ያህል፣ ጃፓንኛን ለማወቅ ግን 88 ሳምንት ያህል እንደሚያስፈልገው ይገምታል። የጃፓንኛ ተማሪ ሂራጋናና ካታካና የሚባሉትን፣ እያንዳንዳቸው 46 መሠረታዊ ፊደላት ያሏቸውን ሁለት ገበታዎች ካጠና በኋላ፣ ካንጂ የተባሉት ከቻይና የመጡ ምልክቶች ይጠብቁታል። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ለዕለት ተዕለት ጽሕፈት የተወሰኑት ካንጂዎች ብቻ 2,136 ናቸው። ስለዚህ ልጁ ከድካም የሚሸሽ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ መሸሽ የነበረበት ከጃፓንኛ ነው።

የአፍላ ዕድሜ ጠባይ

እንደሚታወቀው ከዐሥራ አንድ እስከ ዐሥራ አራት ያለው ዕድሜ የሽግግር ዘመን ነው። ዣን ፒያዤ እንዳስተማረው፣ ልጅ በዚህ ጊዜ ከሚጨበጠው ነገር አልፎ ረቂቅ ሥርዓትን ማሰብ ይጀምራል። ኤሪክ ኤሪክሰን ደግሞ የዚህን ዕድሜ ዐቢይ ጥያቄ «እኔ ማነኝ?» የሚለው አድርጎ አይቶታል። ዴቪድ ኤልካይንድ እ.ኤ.አ. በ1967 ባቀረበው ጥናት፣ ለጋ ወጣት ዘወትር በምናባዊ ተመልካቾች ፊት የቆመ ይመስለዋል ብሏል፤ ሁሉም ሰው እርሱን ብቻ የሚያይ፣ በእርሱ ብቻ የሚስቅ ይመስለዋል።

እነዚህን ሦስት ጠባዮች ይዘን ሁለቱን የትምህርት ክፍሎች እናነጻጽር። በጃፓንኛው ክፍል ሁሉም እኩል ጀማሪ ነው። የአንዱ ስሕተት የሌላውም ስሕተት ነው፤ ቢስቁም አብረው ይስቃሉ። ከዚህም በላይ ወላጆቹ ቋንቋውን ስለማያውቁ ልጁ በቤቱ ውስጥ ብቸኛው ዐዋቂ ይሆናል፤ የሚያርመው የለም። በአማርኛው በኩል ግን ምናባዊ የተባሉት ተመልካቾች እውነተኛ ናቸው፤ አጎት፣ አክስት፣ እንግዳ፣ የሰፈር ሰው። «ሀ ሁ»ን ከስድስት ዓመት ሕፃናት ጋር ተቀምጦ በዜማ ሲደግም፣ የዐሥራ ሦስት ዓመቱ ልጅ ዕድሜውን የተቀማ ያህል ይሰማዋል።

እኛም ከዚህ ጥፋት ነጻ አይደለንም። ከዓመታት በፊት በገዛ ቤታችን፣ ልጃችን አንድን አረጋዊ እንግዳ በማክበር ፈንታ «ብላ» ብላ ብትጋብዛቸው፣ በሰው ፊት ገሠጽናት። ልጅቱ አልባለገችም፤ «ይብሉ» የሚለውን አላወቀችም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ እንግዳ ሲመጣ እጅ ነሥታ ዝም ማለትን መረጠች። ዝምታዋን ለረጅም ጊዜ ጨዋነት አድርገን መቁጠራችን ዛሬ ያሳፍረናል።

የቋንቋ ትምህርት ሊቃውንት ይህን ሁኔታ አስቀድመው አይተውታል። ሮበርት ጋርድነርና ዋላስ ላምበርት እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ቋንቋን ለጥቅም ሲሉ መማርንና ከተናጋሪዎቹ ጋር ለመቀላቀል ሲሉ መማርን ለይተዋል። ስቲቨን ክራሸን ደግሞ ፍርሃትና እፍረት እንደ ወንፊት ሆነው የሚሰማው ቋንቋ ወደ ልቡና እንዳይገባ እንደሚያግዱ አስረድቷል። የእኛ ልጅ ከተናጋሪዎቹ ጋር አስቀድሞ የተቀላቀለ ነው፤ ደማቸው ነው። ችግሩ፣ አባልነቱ በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር እንደገና የሚፈተን መሆኑ ላይ ነው።

የቋንቋ ማዕረግ

ሌላው ምክንያት ማዕረግ ነው። በቨርጂኒያ የፌርፋክስ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች እ.ኤ.አ. በ1989 ለሕፃናት የትምህርትን ከፊል በጃፓንኛ መስጠት ጀምረዋል። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጠው የጃፓንኛ ፈተናም እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ አለ። ስለዚህ ጃፓንኛ ነጥብና ክብር ያስገኛል። አማርኛም በዚህ አካባቢ የተረሳ ቋንቋ አይደለም። የዋሽንግተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ሕግ መሥሪያ ቤቶች አማርኛ ተናጋሪዎችን በቋንቋቸው እንዲያስተናግዱ ተደንግጓል፤ በአሌክሳንድሪያም ትምህርት ቤቶች ለወላጆች ማስታወቂያ ከሚያወጡባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ስውር ጉዳት አለ። ልጁ አማርኛን በሕዝባዊ ቦታ የሚያየው ወላጁ እንግሊዝኛ ሲቸግረው ብቻ ነው። ጃፓንኛ የዕውቀት፣ አማርኛ የችግር ቋንቋ ሆነው ይታዩታል።

ይህ ሊለወጥ እንደሚችል አዳምስ ሞርጋን ራሱ ምስክር ነው። የሰፈሩ ስም የተገኘው ከሁለት ትምህርት ቤቶች ነው፤ አዳምስ የነጮች፣ ሞርጋን የጥቁሮች ነበሩ። ዛሬ አዳምስ ከኦይስተር ትምህርት ቤት ጋር ተጣምሮ፣ ኦይስተር እ.ኤ.አ. በ1971 በጀመረው ልማድ መሠረት፣ ልጆች በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ በእኩልነት ይማሩበታል። እዚያ የስደተኛው ልጅ የቤት ቋንቋ የክፍሉ ቋንቋ ነው።

ጃፓናውያንም ቢሆኑ ከዚህ ጣጣ ነጻ አይደሉም። በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ጃፓናውያን ወላጆች እ.ኤ.አ. ከ1958 አንሥቶ ለልጆቻቸው የቅዳሜ ትምህርት ቤት አቁመዋል። እዚያ ደግሞ ጃፓንኛ የወላጅ ቋንቋ፣ የቅዳሜ ግዴታ ነው።

ድልድዩ

ወላጆች ልብ ያላሉት አንድ ነገር አለ። ጃፓንኛና አማርኛ በዘር ባይዛመዱም በአሠራር ይቀራረባሉ። በሁለቱም ግሥ የዓረፍተ ነገሩ መዝጊያ ነው። እኛ «ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ» ስንል ጃፓናዊው «ኪኖ ካታ ሆን» ይላል፤ ኪኖ ትናንት፣ ካታ የገዛሁት፣ ሆን መጽሐፍ፤ ቃል በቃል በአንድ ተራ። ማጥበቅና ማላላትም በሁለቱ ቋንቋዎች ትርጉም ይለያል። እኛ «ገና»ን አላልተን ስለ ጊዜ፣ አጥብቀን ስለ በዓል እንደምንናገር ሁሉ፣ በጃፓንኛ «ኪቴ» ሲላላ «ና»፣ ሲጠብቅ «ቴምብር» ማለት ነው። የአክብሮትን ነገር እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ተማሪ በብዙ ድካም ሲማረው፣ «አንተ»ንና «እርስዎ»ን በቤቱ የሰማ ልጅ ምሥጢሩን ቶሎ ይይዘዋል። የፊደል ገበታቸውም እንደ እኛው ተነባቢውን በአንድ በኩል፣ አናባቢውን በሌላው በኩል የሚያሰልፍ ነው።

በዚያ ምሽት ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ለአያቲቱ ብንነግራቸው፣ «እንዴ፣ እንደ ሀ ሁ ነዋ!» አሉ። ልጁ ቀና ብሎ አያቸው። ከዚያም በተሰባበረ አማርኛ የእኛ ፊደል ስንት ረድፍ እንዳለው ጠየቃቸው። ሠላሳ ሦስት መሆኑን ሲነግሩት ማንም አልሳቀበትም።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተመለከትነው የሚከተለውን መደምደም ይቻላል። አንደኛ፣ በቤት ውስጥ የልጅ ስሕተት መሳቂያ መሆኑ ይቅር፤ «ብላ» ሲል «አዎ፣ እንግዳው ይብሉ» ብሎ ትክክለኛውን ማሰማት ከግሣጼ ይሻላል። ሁለተኛ፣ የቅዳሜና የእሑድ ትምህርት ቤቶቻችን ከዐሥራ አንድ ዓመት በላይ ያሉትን ከሕፃናት ለይተው ያስተምሩ፤ ፊደልንም በዜማ ሳይሆን በሥርዓቱ ያሳዩ። ካዕቡ ብዙውን ጊዜ በወገቡ፣ ሣልሱ በእግሩ ምልክት እንደሚቀጥል ያወቀ ልጅ ገበታውን ራሱ ይደርሰዋል። ሦስተኛ፣ በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂኒያ ሁለት ቋንቋ ለሚያውቅ ተመራቂ የሚሰጥ የምስክር ማኅተም ስላለ፣ ወላጆች ተባብረው አማርኛ በዚህ መንገድ እንዲመዘን ይጠይቁ። አራተኛ፣ ጃፓንኛውን አንቀማው፤ ቋንቋ ያለ እፍረት እንዴት እንደሚለመድ ልጁን ያስተማረው እርሱ ነው።

ካንጂው ሲበዛ ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ ጃፓንኛውን ይተዉት ይሆናል። ለዚያ ሌላ ጊዜ፣ ሌላ ክፍል፣ ሌላ መምህር ይገኛል። አያቲቱ ግን የመጡት ለስድስት ወር ነው።