ጎማና ቸርኬ

ምንባብ

አንድ አውቶሞቢል የቱንም ያህል ኃይለኛ ሞተር ቢኖረው፣ ከመንገዱ ጋር የሚያገናኙት አራቱ ጎማዎቹ ብቻ ናቸው። እያንዳንዱም ጎማ በአንድ ጊዜ መሬቱን የሚነካው ከሰው መዳፍ እምብዛም በማይበልጥ ስፍራ ነው። ሞተሩ የሚሰጠው ጉልበት፣ ፍሬኑ የሚያሳድረው ኃይል፣ የመሪውም ትእዛዝ የሚተላለፈው በነዚህ አራት መዳፎች በኩል ነው። ስለዚህ የጎማ ምርጫ የጌጥ ጉዳይ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው።

የስፖርት አውቶሞቢል ባለቤቶች ከፋብሪካ ተገጥሞ የመጣውን ቸርኬ አውጥተው፣ ተለቅ ያለና ዓይን የሚስብ ሌላ ቸርኬ ማስገጠም ይወዳሉ። ይህ ልማድ በራሱ ነውር የለበትም። ነገር ግን ቸርኬው ሲለወጥ ጎማውም አብሮ መለወጡ አይቀርም። ልኩን ሳያገናዝቡ መግዛት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንደሚባለው ያልነበረ ችግር መጥራት ይሆናል።

የጎማ ልክ በጎኑ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1989 ለሕዝብ የቀረበውን የጃፓን ሥሪት ባለሁለት መቀመጫ የስፖርት አውቶሞቢል፣ ማዝዳ ኤም ኤክስ 5ን፣ እንውሰድ። የመጀመሪያው ሞዴል ከፋብሪካ ሲወጣ የጎማው ልክ 185/60 አር 14 ነበር። ከነዚህ ውስጥ 185 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 60 የሚለው ደግሞ የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ 60 በመቶ መሆኑን ይገልጻል፤ ይኸውም 111 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። «አር» የተባለው ፊደል በጎማው ውስጥ ያሉት ክሮች ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ጠርዝ ቀጥ ብለው የተዘረጉ መሆናቸውን ያመለክታል። የመጨረሻው 14 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው።

አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የቸርኬው ዲያሜትር 355.6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በዚህ ላይ ከላይና ከታች ያለው የጎኑ ከፍታ፣ ማለትም ሁለት ጊዜ 111፣ ሲደመር የጎማው ጠቅላላ ዲያሜትር 577.6 ሚሊ ሜትር ሆኖ እናገኘዋለን። ቸርኬ ሲለወጥ በተቻለ መጠን ሊጠበቅ የሚገባው ይህ ቁጥር ነው።

አሁን ባለቤቱ ባለ 15 ኢንች ቸርኬ ገዛ እንበል። «የቀድሞውን ልክ ይዤ 14ን በ15 ብቻ ልተካ» ቢልና 185/60 አር 15 ቢገጥም፣ ጠቅላላው ዲያሜትር 603 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ይህም ከቀድሞው በ4.4 በመቶ ይበልጣል። የፍጥነት መለኪያው የሚሠራው የመሽከርከሩን ዙር መሠረት አድርጎ ስለሆነ፣ መለኪያው 100 ኪሎ ሜትር ሲል አውቶሞቢሉ በእርግጥ ከ104 ኪሎ ሜትር በላይ ይከንፋል። ከዚህም ሌላ መሪው ሲታጠፍ ጎማው ከፓራፋንጎው ጋር ሊፋተግ ይችላል።

ይልቁንም 195/50 አር 15 ቢመርጥ የጎኑ ከፍታ 97.5፣ ጠቅላላው ዲያሜትር 576 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከፋብሪካው ልክ ጋር ያለው ልዩነት 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እንግዲህ ቸርኬው ሲያድግ የጎማው ጎን ማነስ እንዳለበት ከዚህ እንረዳለን።

ይሁን እንጂ ዲያሜትሩ መስማማቱ ብቻውን አይበቃም። የቸርኬው ስፋትም ለጎማው ተስማሚ መሆን አለበት፤ ለ195/50 አር 15 ከ5.5 እስከ 7 ኢንች ያለው ስፋት ይስማማዋል። የቡሎኖቹ ቁጥርና ርቀት ከአውቶሞቢሉ ጋር መግጠም ይኖርበታል። ቸርኬው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ከልክ በላይ የገባ ወይም የወጣ እንዳይሆንም ያስፈልጋል። ከልኩ ቀጥሎ የሚጻፉት ቁጥርና ፊደል ደግሞ የጎማውን አቅም ይናገራሉ። ለምሳሌ «82 ቪ» የሚል ጽሑፍ ጎማው 475 ኪሎ ግራም እንደሚሸከምና በሰዓት እስከ 240 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እንደሚችል ያስረዳል። አዲሱ ጎማ በዚህ ረገድ ፋብሪካው ከወሰነው ማነስ የለበትም።

በመጨረሻም እያንዳንዱ ምርጫ ዋጋ እንዳለው መዘንጋት አይገባም። ጎኑ አጭር የሆነ ጎማ ለመሪ ፈጥኖ ይታዘዛል፤ በጉድጓድ መንገድ ላይ ግን ንዝረቱን ከማብረድ ይልቅ ወደ ቸርኬውና ወደ ተሳፋሪው ያስተላልፋል። ቸርኬውም ሊጎብጥ ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለሆነም አስተዋይ ሰው ቸርኬውን ገዝቶ ጎማ ከመፈለግ ይልቅ፣ ሁለቱን አንድ ላይ አስቦ፣ ልካቸውን በወረቀት ላይ አስልቶ ይገዛል። ውበቱን ዓይን ይመርጠዋል፤ ልኩን ግን ስሌት ይወስነዋል።

መልመጃ

1. «የጎማ ምርጫ የሕይወት ጉዳይ ነው» የተባለው ለምንድን ነው? በራሳችሁ አነጋገር አስረዱ።
2. የ205/50 አር 15 ጎማ ጠቅላላ ዲያሜትር ስንት ነው? ከ577.6 ሚሊ ሜትር ጋር አነጻጽሩ።
3. «ስለዚህ»፣ «ነገር ግን»፣ «ይልቁንም» እና «ይሁን እንጂ» የሚሉት ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ የትኞቹን ሐሳቦች እንዳያያዙ ግለጹ። በእያንዳንዳቸውም አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ።
4. በአካባቢያችሁ በልክ የሚሠራ አንድ ዕቃ መርጣችሁ፣ ልኩ ቢሳሳት የሚደርሰውን ጉዳት የሚያስረዳ ባለ ሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።