ግጥሙ ከማን ወገን ነው?

የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ክፍል ደጋግሞ የሚነሳው ጥያቄ «ገጣሚው ደግፎ ነው የጻፈው ወይስ ተቃውሞ?» የሚለው ነው። ሪቻርድ ብሮቲጋን እ.ኤ.አ. በ1967 ያወጣውን፣ አጋዘንና ኮምፒውተር በአንድ ጫካ የሚኖሩበትን ግጥም ስናነብ ደግሞ ጥያቄው ይበረታል።

ግጥሙ ሦስት አጫጭር አንጓዎች ብቻ አሉት። ተናጋሪው በመጀመሪያው መስክ፣ በሁለተኛው ጫካ ይመኛል፤ እንስሳትና ማሽኖች ተስማምተው የሚኖሩበት። በሦስተኛው ሰው ከሥራ ተገላግሎ ወደ ተፈጥሮ ይመለሳል፤ ማሽኖቹም በርኅራኄ ይከታተሉታል።

ተማሪዎቼ ወዲያው ለሁለት ይከፈላሉ። ለአንዳንዶቹ የገነት ሕልም ነው፤ ለሌሎቹ ሽሙጥ። በሰምና ወርቅ ያደገ ጆሮ ወደ ሁለተኛው ያደላል፦ ሕልሙን ሰም፣ ማስጠንቀቂያውን ወርቅ ያደርግና ወርቁን ሲያገኝ ሰሙን ይተወዋል። እዚህ ላይ አስቆማቸዋለሁ። በዚህ ግጥም ሕልሙ መሸፈኛ አይደለም።

ለምን እንደሆነ ለማየት ከታሪኩ እንነሣለን። ብሮቲጋን በ1967 መጀመሪያ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በካልቴክ፣ ተጋባዥ ገጣሚ ነበር። ግጥሙ በሳን ፍራንሲስኮ ሲታተም በነፃ ታደለ፤ በነፃ ለሚያድል ሁሉም እንዲያሳትመው ተፈቀደ። ከገበያ ውጭ መኖር ይቻላል ብለው ለሚያምኑት የከተማዋ ወጣቶች ሰውን ከሥራ ቀንበር የሚያወጣ ማሽን እውነተኛ ተስፋ ነበር። በሌላ በኩል የዚያን ጊዜ ኮምፒውተር ክፍል የሚሞላ፣ ባለቤቶቹም ጦር ሠራዊት፣ መንግሥትና ትልልቅ ኩባንያዎች የሆኑ መሣሪያ ነው። የቬትናም ጦርነትም እየተፋፋመ ነበር። ተስፋውና ስጋቱ ከአንድ ዕቃ ነው የመጡት።

ከታሪኩ ቀጥሎ ወደ ቃላቱ እንመለሳለን። ተናጋሪው በእያንዳንዱ አንጓ በቅንፍ ራሱን ያቋርጣል፤ መጀመሪያ ቶሎ ቢሆን ይላል፣ ቀጥሎ አሁኑኑ እንዲሆን ይማጸናል፣ በመጨረሻ የግድ ነው ይላል። ምኞት ወደ ልመና፣ ልመናም ወደ ግዴታ ያድጋል። ሁለት ተማሪዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲያነቡት አደርጋለሁ፤ አንዱ በናፍቆት፣ ሌላው በጭንቀት። ግጥሙ ሁለቱንም ንባብ ይሸከማል፤ አንዱንም ሐሰት የሚያደርግ ቃል የለበትም።

ከሁሉ በላይ የማቆያቸው ግን አጋዘኑ ዘንድ ነው። በኮምፒውተሮቹ መካከል እንደ አበባ ቆጥሯቸው በሰላም ያልፋል። ሰላሙ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን በምን በኩል እንዳለፈ የማያውቅ ፍጡር ሰላም ነው። በሦስተኛው አንጓ ደግሞ ሰው ራሱ ከአጥቢ እንስሳት ወንድሞቹና እህቶቹ ተርታ ይገባል። ስለዚህ የሚያገኘው የአጋዘኑን ዓይነት ሰላም ነው፦ ድካም የለበትም፣ ማወቅም አይጠየቅበትም። ማየት የማሽኖቹ ድርሻ ሆኗል። ደስታውና ስጋቱ በአንድ ሥዕል ውስጥ ስለተቀመጡ አንዱን ነቅሎ ሌላውን ማስቀረት አይቻልም።

ከእኛ ዘመን ተነሥቶ ማንበብ ወደ ስጋቱ ይስባል። አዳም ከርቲስ እ.ኤ.አ. በ2011 ለቢቢሲ በሠራው ተከታታይ ዘጋቢ ፊልም የግጥሙን ርእስ የወሰደው በማሽን ላይ የተጣለውን እምነት ለመተቸት ነው። ይህ ተገቢ አጠቃቀም ነው። ተማሪዎቼም ስልካቸው ስለሚከታተላቸው የሚሰማቸውን ይዘው ቢገቡ አልከለክልም፤ ያን ስሜት የ1967ቱ ገጣሚ ሐሳብ ነው ብለው ሲጽፉ ግን አርማለሁ።

ለፈተና መልስ ነጥብ የምሰጠውም «ደጋፊ» ወይም «ተቃዋሚ» ስላሉ ሳይሆን የሚያመነቱበትን ስንኝ ጠቁመው ምክንያቱን ስላስረዱ ነው። ይህ ለፈተና ብቻ የሚጠቅም ልማድ አይደለም። እነዚህ ወጣቶች ስለ አዳዲስ ማሽኖች በሄዱበት ሁሉ ትቀበላላችሁ ወይስ አትቀበሉም ተብለው ይጠየቃሉ። ከሥራ ድካም ለመገላገል ከልባቸው እየተመኙ፣ በዚያው ልብ የሚጠብቀንስ ማን ነው፣ የማንስ ንብረት ነው ብለው መጠየቅ እንዲችሉ እፈልጋለሁ። ግጥሙን በየዓመቱ የማስተምረው ለዚህ ነው።