ፍጥነት አልጨምር ያለ አውቶሞቢል፤ ምክንያቱና መፍትሔው

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ብዙ ዕድሜ ያስቈጠሩ አውቶሞቢሎች፣ በተለይም ቮልስዋገኖች፣ ዛሬም ሲያገለግሉ ይታያሉ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለውን ጠብቆ ማቈየት የግድ ሆኗል። ስለዚህ አሮጌ ሞተር ለምን እንደሚደክም መመርመር ለመካኒክ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣኝም በቤታችን የደረሰ ነገር ነው።

የአባቴ ቮልስዋገን 1300 ቆሞ ሲሠራ ደኅና ነበረ። ነገር ግን ነዳጅ መስጫው ድንገት ሲረገጥ ሞተሩ ያስላል፤ ጥቂት ካመነታ በኋላ ቀስ እያለ ይነሣል። ቀድሞ በሦስተኛ ማርሽ ይወጣው የነበረውንም ዳገት በሁለተኛ በጭንቅ ይወጣው ጀመር። ወደ አንድ ጋራዥ ቢወሰድ፣ መካኒኮች ኮምፕሬሽን የሚሉት የአየር እመቃ በመለኪያ ታየ፤ በአራቱም ሲሊንደሮች 6 ባር ገደማ ሆኖ ተገኘ። ሠራተኛውም፦ «ደኅና ሞተር 8 ያሳያል፤ ይህ አልቋል፤ ተከፍቶ ፒስተኑና ቀለበቶቹ ይለወጡ» አለ። አባቴ ለታናሽ እኅቴ ትምህርት የታሰበውን የእቁብ ገንዘብ ለዚህ ሊያውሉ ተነሡ። እኔም፦ «አባባ፣ ገንዘቡን ከመስጠትዎ በፊት ሦስት ቀን ይታገሡኝ» አልኋቸው፤ እሺ አሉኝ።

1ኛ፤ ስለ ከፍታ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ግፊት ከአራት እጅ ሦስት እጅ ያህል ብቻ ነው። ሞተር ደግሞ የሚያምቀው ያገኘውን አየር ነው እንጂ ያላገኘውን አይደለም። እንግዲህ በጅቡቲ ወደብ 8 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር አዲስ አበባ ሲደርስ 6 ባር ገደማ ቢያሳይ የሚያስደንቅ አይሆንም። ይልቅስ መታየት ያለበት የአራቱ ሲሊንደሮች መቀራረብ ነው። አንዱ ከሌሎቹ እጅግ ቢያንስ የቫልቭ ወይም የቀለበት ጉዳት ይጠረጠራል። የእኛ አራቱም እኩል ስለ ነበሩ ሞተሩ አላለቀም ብዬ ገመትሁ።

ከፍታ የሞተርን ኃይል በሩብ ያህል እንደሚቀንስ እውነት ነው። ነገር ግን ከፍታው አምናም ነበረ፤ ዘንድሮ ለመጣ ድካም ምክንያት ሊሆን አይችልም።

2ኛ፤ ኃይሉ አነሰ ወይስ በመንገድ ቀረ?

ሞተሩ እየጮኸ አውቶሞቢሉ ካልፈጠነ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል ማለት ነው። ከጕዞ በኋላ አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ይልቅ ቢግል፣ ወይም በሜዳ ላይ ማርሹ ወጥቶ ሲገፋ እንቢ ቢል፣ ፍሬኑ ይዟል። በእኛ አውቶሞቢል ሁለቱም አልታዩም፤ ሞተሩ ራሱ ነበረ የሚያመነታው።

3ኛ፤ ነዳጅና አየር

በመጀመሪያ እኔ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ስረግጥ ጓደኛዬ ከኋላ ሆኖ የካርቡራቶሩ ማንሻ በሙሉ መከፈቱን አየ፤ ገመዱ አልላላም። የአየር ማጣሪያው ንጹሕ ነበረ፤ ሞተሩ ሲሞቅ መከፈት የሚገባው የካርቡራቶሩ የላይኛው ክዳንም ይከፈታል።

ቀጥሎ ሞተሩን አጥፍተን፣ የአየር ማጣሪያውን አንሥተን፣ ማንሻውን በእጅ እየገፋን ወደ ካርቡራቶሩ ጕረሮ ተመለከትን። በዚህ ጊዜ ሲጋራም ሆነ ሌላ እሳት አጠገብ መኖር የለበትም። ፔዳል ድንገት ሲረገጥ አየር ፈጥኖ ይገባል፤ ቤንዚን ግን ይዘገያል። ይህን ጕድለት ለመሙላት አንዲት ትንሽ ፖምፓ ቤንዚን ትረጫለች። የእኛዋ ግን ጠብታ ብቻ አወጣች። ብትፈታ በውስጧ ያለው ስስ ሽፋን ተቀዶ ተገኘ። የሞተሩ ሳል ከዚህ የመጣ ነበረ።

4ኛ፤ እሳት

ይህ ፖምፓ የሚሠራው ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ ስለ ሆነ፣ በረጅም ዳገት ላይ የሚታየውን ድካም አይገልጽም። ስለዚህ ካንዴላዎቹን አወጣን። ግራጫ ወይም ቡናማ ቀለም የደኅንነት ምልክት ነው፤ ጥቀርሻ የቤንዚን ብዛትን፣ ነጭነት ደግሞ ማነስን ያመለክታል። ካንዴላዎቹ ደኅና ነበሩ። ከዚያ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ከፈትን። በውስጡ ኤሌክትሪክ የሚዘጉና የሚከፍቱ ሁለት ትንንሽ ነጥቦች አሉ፤ ሲከፈቱ በመካከላቸው 0.4 ሚሊሜትር ክፍተት ሊኖር ይገባል። የእኛዎቹ መግፊያቸው ስላለቀ እምብዛም አይከፈቱም። ክፍተቱ ሲጠብ ነጥቦቹ ዘግይተው ይከፈታሉ፤ እሳቱም ይዘገያል። እሳት ሲዘገይ ፒስተኑ ወደ ታች ከጀመረ በኋላ ስለሚገፋ ኃይሉ ከንቱ ይቀራል።

ሽፋኑና ነጥቦቹ ተለወጡ። ክፍተቱ ሲለወጥ የእሳቱ ጊዜም ስለሚለወጥ፣ በመዘውሩ ላይ ባለው ምልክት እንደ ገና አስተካከልነው። በማግሥቱ አባቴ ራሳቸው ነዱት፤ ያንንም ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ወጣ። የእቁቡም ገንዘብ ለታሰበለት ዋለ።

በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ነዳጅ የሚረጩ አዳዲስ ሞተሮች የአየሩን መጠን ራሳቸው እየለኩ የነዳጁን መጠን ያስተካክላሉ፤ ጥፋታቸውም በኮምፒዩተር ይነበባል። ቢሆንም የምርመራው ሥርዓት ያው ነው፤ አስቀድሞ ፍሬንና ፍሪሲዮን፣ ቀጥሎ አየርና ነዳጅ፣ ከዚያ እሳት፣ በመጨረሻ እመቃ። ሞተር ይከፈት ከመባሉ በፊት ባለቤቱ የአራቱንም ሲሊንደሮች ቍጥር ጠይቆ ይጻፍ፤ በመጽሐፍ ካለው ጋር ሲያስተያይም መጽሐፉ ለየትኛው ከፍታ እንደ ተጻፈ ይመልከት።