የማገር ነገር

ሰውን ከፍ አድርገን ልናመሰግን ስንሻ «የቤቱ ምሰሶ» እንላለን። ንግግሩ መድረክ ላይ ከሆነ «የሀገር ዋልታና ማገር» ይታከልበታል፤ ማገር እዚያም ቢሆን ከዋልታ ኋላ ተከትሎ ነው የሚገባው። ለብቻው ሲመሰገን ሰምቼ አላውቅም። እኔ ግን በጎጃም ደጋ ቤት ሲሠራ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። አናጢዎች ስለ ቤት እንጨት ስም ሲከራከሩም ነገሩ ብዙ ጊዜ ዞሮ ማገር ላይ ይወድቃል።

ክርክሩን ለመስማት ሮብ ገበያ ጥሩ ቦታ ናት። ከደብረ ማርቆስ በስተሰሜን፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ የምትገኝ የስናን ወረዳ ከተማ ነች። እዚህ ሁለት እንጨት ይገናኛል፤ ባሕር ዛፍና ቀርቀሃ። ሁለት ዓይነት ቤትም ይገናኛል፤ የሣር ክዳን ያለው ክብ ጎጆና ቆርቆሮ የለበሰው ባለ አራት ማዕዘን ቤት። የአንዱ ቤት ስም ወደ ሌላው ሲሻገር ሥራውን ትቶ ይሄዳል፤ ግራ መጋባቱ ከዚያ ይጀምራል።

መሠረታዊውን ሁሉም ያውቀዋልና ባጭሩ ልለፈው፦ ቋሚ መሬት ውስጥ ይተከላል፣ ማገር ቋሚውን አቋርጦ ይታሰራል፣ ወራጅ ከአናት ወደ ግድግዳ ይወርዳል፣ ምሰሶ መካከል ይቆማል፣ ጉልላት ከላይ ይደፋል። ግድግዳውን «ግርግዳ» የሚሉም አሉ፤ ያው ነው።

የማልታገሠው «ጎጆን የሚይዘው ምሰሶው ነው» የሚለውን ነው። የተማረውም ያልተማረውም ይለዋል። ጎጆ ቤት ገብቶ መካከል ላይ የቆመውን ወፍራም እንጨት ያየ ሰው እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ ዓይን ወፍራሙን ነገር ያምናል። ግን ጣሪያውን ቀና ብሎ ማየት ነው። ወራጆቹ ከላይ አናታቸውን ገጥመው፣ ከታች እግራቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ዙሪያውን ተዘርግተዋል። ሣሩ ሲከደን፣ በክረምት ደግሞ ሲርስና ሲከብድ፣ እያንዳንዱ ወራጅ አናቱ መውረድ፣ እግሩ ወደ ውጭ መንሸራተት ይሻል። አናቱ ሊወርድ የሚችለው እግሩ ከተንሸራተተ ብቻ ነው። እግሩን የያዘ ጣሪያውን ያዘ ማለት ነው።

እግሩን የሚይዘው ማገር ነው። ጣሪያው ላይ ከግድግዳው አፋፍ ጀምሮ እስከ አናት፣ ክቡ እየጠበበ፣ ማገር በማገር ላይ ይዞራል፤ በየወራጁም ላይ ይታሰራል። ወራጆቹ ሊበተኑ ሲሉ እያንዳንዱ ዙር እንደ መቀነት ይወጠራል። ጭነቱ በጨመረ ቁጥር መወጠሩ ይጨምራል፤ ወደ ግድግዳው የሚደርሰው ግፊት ግን ያን ያህል አይደለም፤ ምክንያቱም ገፊውን ቀድሞ ማገሩ ይዞታል። የጭቃ ግድግዳ ከባድ ጣሪያ ተሸክሞ ወደ ውጭ ሳይገለበጥ ዓመታት የሚኖረው በዚህ ነው። ግድግዳው ብቻውን ቢሆን ኖሮ ለመጀመሪያው ክረምት አይበቃም ነበር።

ምሰሶ ከንቱ ነው አላልሁም። ቤቱ ሲሠራ፣ ገና አንድም ማገር ሳይዞር፣ ወራጆቹ የሚደገፉት እሱ ላይ ነው። ቤቱ ሰፊ ሲሆን ደግሞ ከአናት የሚወርደውን ክብደት ይቀንሳል። ነገር ግን ትንንሽ ጎጆዎችን ተመልከቱ፦ ማድ ቤቱን፣ የእህል መጠበቂያውን ማማ፣ የበግ ማደሪያውን። ብዙዎቹ ምሰሶ የላቸውም፤ ማገር የሌለው ግን አንድም አይገኝም። ክቦቹን አብያተ ክርስቲያናትም ማየት ይቻላል። በጣና ዙሪያ፣ ለምሳሌ በዘጌ ያለችው ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ መካከሏ መቅደስ ነውና ምሰሶ የሚተከልበት ስፍራ የላትም። መሐሉን የመቅደሱ ግንብ ይሸከማል፤ ዙሪያው የክቡ ሥራ ነው።

አንድ ጊዜ ከሮብ ገበያ ወጣ ብሎ ማድ ቤት ሲሠራ ቆሜ አየሁ። አናጢው በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። «አባ፣ ምሰሶው የት አለ?» ብላቸው ከጣሪያው ሳይወርዱ «ምን ሊሠራ? ማገሩ ይዞት የለ?» አሉኝ። ከዚያ «ና እስቲ ልጄ፣ ያን የወራጅ እግር ወደ ውጭ ጎትተው» አሉ። በሁለት እጄ ጎተትሁት፤ አልነቃነቅ አለ። እሳቸው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ማገሩ ምን ነበር ቢባል፣ ቀርቀሃ ነበር። የጮቄ ተዳፋት የቀርቀሃ አገር ነው፤ ወደ አዊ ሲሻገሩም እንዲሁ። የደጋው ቀርቀሃ ውስጡ ባዶ ነው፤ የቆላው ሽመል ግን ውስጡ ድፍን ስለሆነ ለዱላና ለቋሚ ይመረጣል። ባዶው ቀርቀሃ ሲሰነጠቅ ረጅም፣ ቀጭን፣ እንደ ልብ የሚታጠፍ ስንጣቂ ይወጣዋል፤ ሳይሰበር ክቡን ይዞራል። ለዙር ማገር ከዚህ የተሻለ እንጨት አላውቅም። ባሕር ዛፍ በክብ ቤት ላይ ሲገባ ግን ገና እርጥብ የሆነ ቀጭን ችግኝ ካልሆነ አይታጠፍም፤ ወፍራሙን ከተጠቀሙ ቁራጭ በቁራጭ መቀጣጠል ግድ ነው። ቅጥያው ሲላላ መቀነቱ ተፈታ ማለት ነው። ስለዚህ የስናን አናጢ «ማገር» ሲል በአእምሮው ያለው የሚዞር ነገር ነው፤ የባሕር ዛፍ አገር አናጢ ሲል ግን የሚጋደም ነገር ነው። ቃሉ አንድ ሆኖ ሥዕሉ ሁለት የሆነው በእንጨቱ ምክንያት ነው።

ከጎጃም ስንርቅ ልዩነቱ ይሰፋል። በትግራይ ህድሞ በሚባለው ቤት ላይ ጣሪያው ጠፍጣፋና አፈር የተደለደለበት ነው፤ ናሕሲ ይሉታል፤ ግድግዳው መንደቕ፣ ዐምዱ ዓንዲ ነው። ወራጅ የሚወርድበት ተዳፋት የለም፤ ክብደቱ በቀጥታ ወደ ታች ነው የሚሄደው። እዚያ ምሰሶን ማወደስ ተገቢ ነው፤ ዓንዲ ካልቆመ ናሕሲው አይቆምም። ከደጀን ወርዶ ዓባይን ተሻግሮ ጎሃ ጽዮን የወጣ ሰው ደግሞ ለምሰሶ ኡቱባ የሚለውን የኦሮምኛ ስም ይሰማል፤ እዚያም ክቡ ጎጆ እንደኛው ነው። በደቡብ የዶርዜ ቤት ግን ሌላ ነገር ነው። ከታች እስከ አናት በቀርቀሃ ይሸመናል፤ ግድግዳው የት አልቆ ጣሪያው የት እንደ ጀመረ አይታይም። ሽመናው ራሱ ወራጅም ማገርም ስለሆነ ሁለቱን መለየት ትርጉም የለውም። እግሩን ምስጥ ሲበላው ከሥር እየተቆረጠ ቤቱ ያጥራል እንጂ አይፈርስም፤ ተነሥቶም ወደ ሌላ ስፍራ ይወሰዳል። ዙር ማገር ሙሉ ቤት ሲሆን ይህን ይመስላል።

አሁን ወደ ገበያው ልመለስ፤ እዚህ ላይ ሰው መውቀስ አለብኝ። ባሕር ዛፍ ወደ ሀገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። ገበያ ላይ ሲበዛ ነጋዴው በውፍረቱ ከፋፈለው፤ ለክፍሎቹም የቤት እንጨቶችን ስም አዋሳቸው፦ ቋሚ፣ ወራጅ፣ ማገር፣ አጣና። አዲስ አበባ አጣና ተራ የሚባል ሰፈር እስኪኖራት ድረስ ይህ ንግድ ገነነ። እንግዲህ ገበያ ላይ «ማገር» ማለት የውፍረት ስም እንጂ የሥራ ስም አይደለም። ከተሜው መጥቶ «ማገር ስጠኝ» ይላል፤ ነጋዴው በውፍረቱ መርጦ ይሰጠዋል፤ አናጢው ጋ ሲደርስ እንጨቱ ለሥራው አይሆንም። ከዚያ ሁሉም «አታለለኝ» ይባባላል። ማንም አላታለለም። ገዢው እንጨቱ የሚዞር ይሁን የሚጋደም፣ ጭቃ የሚይዝ ይሁን ቆርቆሮ የሚሸከም መናገር ነበረበት።

ጭቃ የሚይዘው ማገር ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ግድግዳ ላይ ከውስጥም ከውጭም ይመታል፤ ጭድ የገባበት ጭቃ በመካከሉ ይጠቀጠቃል። ጣሪያ ላይ እንዳለው አይወጠርም፤ ሥራው ጭቃው እንዳይረግፍ መያዝ ነው። ጥሩ ማገር መቺ እጁን በመካከሉ እያስገባ ክፍተቱን ይለካል። ይህን እዚህ ላይ ልተወው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከቆርቆሮ ጋር ነው። ቆርቆሮ ቀጥ ያለ ነገር ነው፤ ሾጣጣ ጣሪያ ለማልበስ አይመችም። ስለዚህ ቤቱ ባለ አራት ማዕዘን ሆነ፣ ማገሩም ቀና። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያን በነበረበት ዘመንና ከዚያም ወዲህ ኮርኒስ፣ ላሜራ፣ ካቦ፣ ሞራሌ የሚሉ ቃላት ወደ አናጢው አፍ ገቡ፤ በከተማ ከቆርቆሮ ሥር የሚጋደመው የተሰነጠቀ ጣውላ ዛሬ ሞራሌ ሲባል እንሰማለን። የገጠሩ አናጢ አሁንም ማገር ይለዋል። ስሙን መጠበቁ ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን ሥራው ያው እንዳይመስለን። ቀና ማገር ሁለት ጫፍ አለው፤ አይዞርም፤ ካልዞረ ደግሞ የወራጁን እግር አይዝም። ቆርቆሮውን ተሸክሞ ሚስማር ይቀበላል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አይጠየቅም። የወራጁን እግር የሚይዘው አሁን ሌላ እንጨት ነው፦ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ተሻግሮ የሁለቱን ወራጆች እግር የሚያስተሳስረው የታችኛው አግዳሚ።

ይህን አግዳሚ የሚቆርጡ ሰዎች አሉ። ቤቱ ከፍ ብሎ እንዲታይ፣ ወይም ቆጥ ለመሥራት፣ ወይም እንጨት ለመቆጠብ ብለው። «ማገሩ ይዞታል» ይላሉ፤ የክቡን ቤት እውነት ወደ አራት ማዕዘኑ ወስደው። አንድ እንዲህ ያለ ቤት ሁለቱ ረጃጅም ግድግዳዎቹ ከላይ ወደ ውጭ ተገፍተው፣ የበሩ ጉበን ከመቃኑ ተላቅቆ አይቻለሁ። ባለቤቱ ጭቃውን ይረግም ነበር። ጭቃው አላጠፋም። እባካችሁ አግዳሚውን አትንኩ፤ የተቆረጠ ካለም ጊዜ ሳትሰጡ መልሱት።

በመጨረሻ ስለ ማሰሪያው። ጎጆ ላይ ማገር በልጥ ወይም በሐረግ ይታሰር ነበር፤ አሁን ሽቦና ሚስማር ቦታውን ወስደዋል። ሽቦ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይቀጥናል፣ ሽቦው ደግሞ እንደ ነበረ ይቀራል፤ በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል። በእርጥብ እንጨት የሠራ ሰው በጋውን ጠብቆ፣ እንጨቱ ከደረቀ በኋላ፣ ክረምት ሳይገባ መሰላል አቁሞ እያንዳንዱን እስር በፒንሳ መልሶ ማጥበቅ አለበት። መጀመር ያለበት ከታችኛው ዙር ነው፤ የወራጁ እግር ያለው እዚያ ነውና።